የመሪጌታው ዜማና የሸዋረግ ቁልፍ

ሸዋረግ አያና ዳኜ ሐምሌ 5 ቀን 1886 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የደጋ መንደር ተወለደች። የሚያውቋት ሁሉ በስተርጅናዋ «ባለ ቁልፏ» ይሏት ነበር። ቁልፉ የአንድ አሮጌ ሣጥን ቁልፍ እንጂ የሀብት ቁልፍ አልነበረም። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለና በቁልፉ ምን ታደርግበት እንደ ነበር ለመረዳት ግን ከአባቷ መጀመር ይገባል።

አያና ዳኜ እርሻ የማይሰለቸው፣ በሽምግልናም የተከበረ ሰው ነበር። ሸዋረግ አሥራ አምስት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ አውድማ ላይ እንዳለ በድንገት ወደቀ፤ ግራ ጎኑን መጋኛ መታው ተባለ። ግራ እጁና ግራ እግሩ ከዱት። አንደበቱ ግን እንደ ቀድሞው ሆኖ ቀረ፤ ሲያወራ ይውላል፣ ሲፈርድ ይውላል። ቤተሰቡን ያሳፈረው ሌላ ነገር ነበር። እንጀራ ሲቀርብለት በስተቀኙ ያለውን እኩሌታ ጠርጎ ይበላና፣ በስተግራው ያለውን ሳይነካ «ራበኝ» ይላል።

«ምነው አባዬ፣ እኩሌታው አለ አይደል?» ትለዋለች ሸዋረግ።

«የታለ? በልታችሁ ጨርሳችሁ ደግሞ ታሾፉብኛላችሁ!»

እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሚስቴና ልጄ በረኃብ ሊገድሉኝ ነው» እያለ ይከሳቸዋል። የሰለለውን የገዛ እጁን ከአጠገቡ ሲያገኘው «ይህ የማን እጅ ነው? ከአልጋዬ ላይ አንሡልኝ» እያለ ይቆጣል። እናቷ በኀፍረት ከጎረቤት ተለየች። ሸዋረግም ልቧ ሻከረ፤ ሳህኑን አስቀምጣለት ሳታየው መውጣት ለመደች። በዓመቱ ሲሞት ዓይኗ ለአባት የሚገባውን ያህል አላነባም። ሰው ያልተረዳውን ሕመም በክፋት ይተረጉመዋል፤ ይህም ስሕተት ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ከዚያ በኋላ ሸዋረግ ከጠዳ በላይ ባለች የማርያም ደብር ዜማ ያስተምር ለነበረው ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ተዳረች። ልጅ አልወለዱም፤ የባሏን ታናሽ ወንድም አላምረውን ግን ከሕፃንነቱ ጀምራ እንደ ልጇ አሳደገችው። ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት አላምረው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ዱር ገባ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 27 ቀን 1931 ዓ.ም. ጧት አላምረው «ሁለት ቀን አሳድሩኝ» ብሎ በሰው ላከባቸው። መሪጌታው እሺ ሊል ሲል ሸዋረግ ከለከለችው።

«ወንድሜ ነው» አላት።

«ወንድምዎ መሆኑን አላጣሁትም፤ ቤታችን የሣር መሆኑንም አላጣሁትም። ጣሊያኖች የጎረቤታችንን የእንኳየሁን ጎጆ ያቃጠሉት አርበኛ አሳድራለች ብለው አይደለም?»

«አንቺው ያሳደግሽው ልጅ አይደለም?»

«ያሳደግሁት እንዲኖር ነው እንጂ፣ እኛንም ይዞ እንዲሞት አይደለም።»

መሪጌታው ብድግ አለ። መቋሚያውን አነሣና ደጃፉ ላይ ቆመ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቃሌን አትሰሚም!» አላትና ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት አያውቅም ነበር።

ቀትር ላይ ተማሪዎቹ ተሸክመው አመጡት። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፤ አፉ ወደ ግራ ተጣሟል። ከአንደበቱ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እርሱም «ነገ» የሚል ነው። ውኃ ይሻሉ ወይ ቢሉት «ነገ»፤ ማን ነኝ ቢሉት «ነገ»።

ሸዋረግ እንዲህ ያለ በሽተኛ በቤቷ አይታለች፤ አባቷም ተመትቶ ነበር። አባቷ ግን እስኪሞት ድረስ ተናግሯል። ስለዚህ ያን ጊዜ ልቧ አንድ ነገር ብቻ ነገራት፤ ባሏ መናገር ተስኖት ሳይሆን እንደ ዛተው ቃሉን ነሥቷት ነው። በአልጋው እግርጌ ተንበረከከች።

«መሪጌታ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ነገ» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እርሷም ነገን ጠበቀች። በማግሥቱም «ነገ» አላት። እንዲህ እያለች ከአንዱ ቀን ወደ አንዱ ቀን ይቅርታዋን ስትከተል ሰነበተች።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ይባረክም ሊያናዝዙት መጥተው ተቸገሩ። «ኀጢአትህን ትናዘዛለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ነገ ይለኛል» አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «ንስሐውን ለነገ የሚያሳድር ሰው እንዴት አድርጌ ላቁርብ? ቃል ሲኖረው ጥሪኝ፣ ልጄ።»

በዚህ መካከል አላምረውን የሚፈልጉት ጣሊያኖች ወንድሙን ወደ አዘዞ ጦር ሰፈር አስጠሩት። በቃሬዛ ወሰዱት፤ ሸዋረግም ተከትላ ሄደች። «ወንድምህ የት ነው?» ብሎ የጦር ሰፈሩ ሹም ጠየቀው። «ነገ» አለ መሪጌታው። ሹሙ አንድ ቀን ታገሠው። በማግሥቱም ያንኑ በሰማ ጊዜ ፊቱ ቀላ፤ ይሁን እንጂ ከመግረፉ በፊት በሽታው እውነት መሆኑን ያረጋግጥለት ዘንድ ጎንደር ወዳለው የጣሊያን ሐኪም ላከው።

ሐኪሙ ሽበት የወረረው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። የሚያስተረጉምለት አድማሴ የሚባል የአዘዞ ልጅ ነው። ሐኪሙ የመሪጌታውን ፊት አየ፤ እጁን አንሥቶ ለቀቀው። ቀጥሎም ከኪሱ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ አወጣና ውስጥ እግሩን ከተረከዙ ወደ ጣቶቹ በዝግታ ጫረው። የግራ እግሩ አውራ ጣት ወደ ታች ተሸበሸበ። የቀኙ ግን ወደ ላይ ተቀሰረ።

«አፍ ይዋሻል፤ እግር ግን መዋሸት አያውቅም። ይህ ሰው አላስመሰለም» አለ ሐኪሙ።

አድማሴ ይህን ከተረጎመ በኋላ በአማርኛ ብቻ አከለበት፤ «እሜቴ፣ ሹሞቹን ሁሉ በእግራቸው መመርመር ነበር!»

ሸዋረግ አልሳቀችም። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለችው። «አባቴን ግራ ጎኑን መታው፤ እስኪሞት ድረስ ግን አፉ አልተዘጋም። መሪጌታን ቀኝ ጎናቸውን መታቸው፤ አንደበታቸው ጠፋ። በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ምነው ሁለት ዓይነት ሆነ? ወይስ ተቀይመውኝ ነው?»

ሐኪሙ ጥያቄው ሲተረጎምለት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከስንቋ ላይ አንድ የባቄላ ቆሎ አነሣና ገለባውን ልጦ ለሁለት ከፈለው።

«ቂምን እንኳ ተይው» አላት በአድማሴ አፍ። «የሰው አንጎል እንደዚህ ባቄላ ሁለት ክፍል ነው። ግራው ክፍል ቀኝ ጎንን ያዛል፤ ቀኙ ደግሞ ግራ ጎንን። ደም የሚያደርሱላቸው ሥሮች ግን ብዙዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ድርሻ አለው።»

«እንደ መስኖ ቦይ ነዋ!» አለች ሸዋረግ። «የላይኛው ቦይ ሲደፈን የገብሱ ማሳ ይደርቃል፤ የታችኛው ሲደፈን ደግሞ የሽንኩርቱ።»

አድማሴ ሲተረጉምለት ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ተማሪዎቼ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል በላት። አዎን፣ እንዲሁ ነው። በግራው ክፍል ጎን የሚያልፈው ቦይ ሲደፈን ቀኝ ክንድና ቀኝ ፊት ይሰልላል፤ ንግግርም የሚበቅለው በዚያው ማሳ ላይ ስለሆነ አብሮ ይደርቃል። ባልሽን ያገኘው ይህ ነው። ወደ ፊት የሚሄደው ቦይ ቢደፈን ኖሮ ከእጁ ይልቅ እግሩ ይጎዳ ነበር። ከኋላ የሚወጡት ሲደፈኑ ደግሞ ዓለም በሰው ላይ ይዞራል፤ ሳይጠጣ ይንገዳገዳል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ መዋጥም ይቸግረዋል።»

«የአባቴስ?»

«በቀኙ ክፍል ጎን ያለው ነው የተደፈነበት። እንዲህ ያለ ሰው ንግግሩ ይተርፋል። ነገር ግን በስተግራው ዓለም መኖሩን ይረሳል። ዓይኑ ሳይታወር በግራው ያለውን አያስተውልም፤ የገዛ እጁን እንኳ የሌላ ሰው ነው ይላል።»

«እንግዲያ እንጀራውን... አላየውም ነበር ማለት ነው?»

«ሳህኑን ብታዞሩለት ኖሮ ያየው ነበር» አለ ሐኪሙ።

ሸዋረግ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። አባቷን ሠላሳ ዓመት ዘግይታ፣ በባዕድ ሐኪም ፊት፣ ባሏን በቃሬዛ አስተኝታ አለቀሰችው።

ሐኪሙ ወረቀት ከመጻፉ በፊት «የዚህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አድማሴ በጣሊያንኛ ለመሪጌታ የሚሆን ቃል አጣና «ቄስ ነው» አለው። ሐኪሙም በሽተኛው ቀኝ ጎኑ የሰለለና መናገር የማይችል መሆኑን ጽፎ ፈረመ። ሹሙ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ለሸዋረግ መለሰላት፤ መሪጌታውንም ለቀቀው።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሰላም ሆነ ማለት ይቻላል። «ነገ» ማለቱ ይቅርታን ማሳደር እንዳልሆነ ሸዋረግ አውቃለች። ይሁን እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን ቃል የምትሰማበት ተስፋ አብሮ ጠፋ። እጁን ታሻለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ፊቱን እያየች ሐሳቡን ለመገመት ትጥራለች።

ጥር 20 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ የባሏን ነጭ ልብስ እያጠበች ሳለ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ከአፉ የሰማችውን የበዓሉን ዜማ በለሆሳስ ጀመረች። የዜማ ተማሪ አይደለችምና ሁለተኛውን ሐረግ ስትደርስ አበላሸችው። ከአልጋው ላይ ቁጣ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም መሪጌታ ሐብተ ማርያም ያበላሸችውን ሐረግ ከነቃሉ፣ ከነስልቱ፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድል አዜመላት። እርሱን ጨርሶ ወደሚከተለው አለፈ።

ልብሱ ከእጇ ወደቀ። «መሪጌታ! ተናገሩ?»

«ነገ» አላት። የግራ እጁንም አንሥቶ በራሷ ላይ አኖረው።

ሸዋረግ ሐኪሙ ያስረዳትን የመስኖ ቦይ በዚያች ሰዓት ረሳችው ብሎ የሚፈርድባት ይኖራል። አልረሳችውም፤ ደስታዋ ቀደማት እንጂ። ቄስ ይባረክን ጠርታ አሰማቻቸው። እርሳቸውም መስቀላቸውን ይዘው አለቀሱ። «ቃል አለው! አምላኩን የሚያመሰግንበት ቃል ካለው እኔ ማን ነኝና እከለክለዋለሁ?» አሉ። በማግሥቱ፣ እሑድ ጥር 21 ቀን፣ በቃሬዛ ወደ ደብሩ ወሰዱት። በማኅሌቱ መካከል መሪጌታው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያዜም ካህናቱ ጸናጽላቸውን ዝቅ አድርገው አደመጡት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በዚያው ዕለት ቆረበ።

የመንደሩ ጭቃ ሹም በላቸው የዋህ ሰው ነበር፤ ያየውን መልካም ነገር ለብቻው መያዝ አይችልም። በጠዳ ገበያ ላይ ቆሞ ላገኘው ሁሉ አወራ።

«የመሪጌታን ነገር ሰማችሁ? ማርያም አፋቸውን ከፈተችላቸው!»

«ኧረ ወዲያ! አያ በላቸው፣ ጠላው ገና በጧት ነው እንዴ?»

«በዓይኔ አየሁ እላችኋለሁ! እንደ ወጣት ነው ያዜሙት!»

ክፉ ሰው ነገሩን ለጣሊያኖች አልወሰደውም። ደስታው ራሱ በእግሩ ሄዶ አዘዞ ደረሰ። ረቡዕ፣ ጥር 24 ቀን፣ ወታደሮች በማኪና መጡ። ሸዋረግ የሐኪሙን ወረቀት ዘርግታ ከፊታቸው ቆመች።

«ይህ የዱሮ ነው» አላት ሹሙ በአስተርጓሚው በኩል። «አፉ ተከፈተ እያላችሁ እልል ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም? እንግዲያስ ለእኛም ይናገርልን።»

መሪጌታውን በማኪናው ላይ ጫኑት። እርሷ በበነጋው ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ ጎንደር ገሠገሠች። ሐኪሙን በደጃፉ አገኘችው፤ አድማሴም አብሮት ነበር። የሆነውን ሁሉ ስትነግራቸው ሐኪሙ አድማሴን በቁጣ አየው።

«ዘማሪ ነው? አንተ ቄስ ነው አላልከኝም?»

«ቃሉን አጣሁት፣ ጌታዬ» አለ አድማሴ አንገቱን ደፍቶ።

ሐኪሙ ግንባሩን ያዘ። «ዜማ የሚጠጣው ከሌላ ቦይ ነው» አላት። «ከቀኙ ክፍል ነው። ንግግር የደረቀበት ሰው በቃሉ ያጠናውን ዜማ ሊያዜም ይችላል፤ ወንድምህ የት ነው ቢሉት ግን አይመልስም። ብዙ አይቻለሁ።»

«ይህን ያን ጊዜ ምነው አልነገርኸኝ?»

«አልጠየቅሽኝም። እኔም አንቺን አልጠየቅሁሽም።»

ሁለተኛውን ወረቀት ሲጽፍ እጁ ተጣድፎ ቀለም አፈሰሰ። ሸዋረግ ቆማ እያለች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «መሪጌታ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ይችሉ ነበር?»

«በንግግር አይችልም» አለ። ቀጥሎ ጥቂት አሰበና፣ «ምናልባት በሚያውቀው ዜማ ላይ ቃሉን አድርገሽ ደጋግመሽ ብታሰሚው ኖሮ... ምናልባት» አላት።

ከጎንደር አዘዞ ድረስ ወረቀቱን በጡቷ ሸጉጣ እየሮጠች ሄደች። በመንገዱ ሁሉ ይቅር የሚለውን ቃል በአራራይ፣ በዕዝል፣ በግዕዝ ዜማ ለራሷ ትሞክረው ነበር። በጦር ሰፈሩ በር ላይ የቆመው ወታደር ከኤርትራ የመጣ ክርስቲያን ነበር። ወረቀቱን ስታሳየው አልተቀበላትም።

«እናቴ፣ ዛሬ ጧት ዐረፉ» አላት።

ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጡቷ መለሰችው።

«ሲጠይቋቸው ነገ ይላሉ፤ ሲተዉአቸው ያዜማሉ። ሹሙ እየቀለደብኝ ነው እያለ ያስመታቸዋል። እኔ ዝም ይበሉ ብዬ አፋቸውን በእጄ እስከ መያዝ ደርሼ ነበር፤ በእጄ ውስጥ ያዜማሉ።» ወታደሩ ፊቱን አዞረ። «ዜማቸው እጅግ ሸጋ ነበር።»

መሪጌታ ሐብተ ማርያም ባዜመበት ደብር ተቀበረ። ሰዎች ሸዋረግን ሊያጽናኗት ሞክረው ነበር። ቄስ ይባረክ «ቆርቦ ሞቷል፤ ይህንንም ያደረግሽለት አንቺ ነሽ» አሏት። ቃሉ እውነት ነው። ያስቆረበችውና ያስያዘችው ግን በአንድ ደስታ መሆኑን እርሳቸውም እርሷም ያውቁ ነበር። ከነጻነት በኋላ አላምረው ከዱር ተመልሶ በእግሯ ሥር ወደቀ። አስነሣችው፤ ሳህን አቀረበችለት፤ ስለዚያ ማክሰኞ ጧት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

ሁለተኛውን ወረቀት በሣጥን ቆለፈችበት፤ ቁልፉን በማተቧ አሰረችው። በአካባቢው ሰው ተመታ በተባለ ቁጥር የባሏን መቋሚያ ተመርኩዛ ትሄዳለች። የበሽተኛውን ውስጥ እግር በቁልፉ ጭራ ታያለች፤ ከዚያ ቤተሰቡን ትጠይቃለች። ጥያቄ ሳትጨርስ ከቤቱ አትወጣም ነበር። ግራ ጎኗ የሰለለውን እንኳየሁን ልጆቿ «ምግብ ትጥላለች» ብለው ሲያሟት፣ ሸዋረግ ሳህኑን በእጇ አዞረችላትና እንኳየሁ ቀሪውን ስትበላ አሳየቻቸው፤ እርሷ ግን ከጓዳ ወጥታ አለቀሰች። ፈንታዬ የሚባል ገበሬ ሲንገዳገድና ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ሰካራም ተብሎ ከማኅበር ሲባረር፣ «ይህ ከኋላው ቦይ ነው፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡና በጥቂት በጥቂቱ አጉርሱት» ብላ መለሰችው። አንደበቱ የተዘጋ ሰው ባገኘች ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ዜማ ወይም ምን እንጉርጉሮ ያውቅ እንደ ነበር ነው። በዚያም ዜማ ላይ ውኃ፣ ራበኝ፣ አመመኝ የሚሉትን ቃላት አድርጋ ታስተምረዋለች። አንዳንዱ ይማራል፤ አንዳንዱ አይማርም። ከቃላቱ ሁሉ በፊት ግን ይቅር የሚለውን ታስቀድም ነበር።

ሸዋረግ አያና ግንቦት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ዐረፈች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከጠዳ እስከ መካነ ብርሃን ባሉ መንደሮች ሠላሳ አንድ በሽተኞችን አስታማለች፤ ከእነርሱም መካከል ዘጠኙ አንዳንድ ቃል በዜማ እንዲናገሩ አድርጋለች።